መምህር የኔነህና የካርቶኑ ጨለማ

መምህር የኔነህ ወረታ የገባው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ገና ውሃ እንደ ለበሰ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኬሚስትሪ አጥንቶ የተመረቀበት ጽሑፍ ስለ ዚንክ ነበር። ዚንክ ከአንድ ሌላ ኬሚካል ጋር ተዋሕዶ፣ በስሱ ተነጥፎ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብርሃን ይሰጣል፤ የወደፊቱ የቴሌቪዥን መስኮት ከእንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ባይ ነው። ይህን ያላስረዳው ሰው የለም፤ ለጭነት መኪና ረዳት ሁሉ አስረድቷል። አከራዩ እማማ ገላነሽ ሰምተው ሰምተው፣ እስቲ መጀመሪያ የጓዳዬን አምፖል ቀይርልኝ አሉት።

ትምህርት ቤቱ ግን የቴሌቪዥን መስኮት አልቸገረውም። በየክፍሉ ፕላዝማ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ያለው ሰውዬ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፣ ተማሪው አፉን ከፍቶ ያያል። የየኔነህ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነው። ስለ መስኮት ብርሃን የተመራመረ ሰው የመስኮት ዘበኛ ሆነ። መምህር የሚሆነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ደግነቱ ወረታ ላይ መብራት መጥፋቱን አያጓድልም።

ልቡ ያለው ቤተ ሙከራው ላይ ነበር። ጠረጴዛውም ቧንቧውም አለ፤ ግን ፕላዝማዎቹ የመጡበት ባዶ ካርቶን ክፍሉን እስከ ጣሪያ ሞልቶታል። ይውጣልኝ ብሎ የንብረት ክፍሏን ወይዘሮ ሸዋነሽን ለመነ።

«ቆጥሬ፣ ፈርሜ ነው የተረከብሁት» አሉት። «ሲወጣም ተቆጥሮ ይፈረምልኛል።»

ማን ይፈርም? የሚፈርመው ኮሚቴ ገና አልተቋቋመም። የሚያቋቁመው ኮሚቴ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አያልነህ መላ አመጡለት። በጥር ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ የሚያስደንቅ ነገር ካሳየሃቸው ካርቶኑን እነሱው ያስወጡልሃል አሉት። የኔነህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመስ አለው። ተማሪዎቹ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየመንደራቸው በከረጢት አመጡለት፤ የድንጋዩ ቅርፊት ዚንክ ነውና። አሲዱን ከጋራዥ ለመነ፤ ሌላውን ኬሚካል ከአዲስ አበባ በብልቃጥ ይዞት መጥቷል። ሳምንት ሙሉ ለፍቶ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ቢጫ ዱቄት አገኘ። በስሱ የሚያነጥፍበት መሣሪያ ስለሌለው ኤሌክትሪኩን ተወውና፣ የሩዝ ነጋዴው አቶ ባየህ ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን ሐምራዊ መብራት ተዋሰ። እሱ ሲበራበት ዱቄቱም ያበራል።

የቀረው ጨለማ ነው። የጥር ፀሐይ በየክፍሉ ስንጥቅ ይገባል። ዞሮ ዞሮ ጨለማ የተገኘው በካርቶኑ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ካርቶኑ መስኮቶቹን ደፍኗቸዋል።

እንግዶቹ መጡ፤ ከነሙሉ ልብሳቸው በካርቶን መሐል ተጣበው ቆሙ። የኔነህ መብራቱን ሲያበራ ዱቄቱ እንደ ድመት ዓይን ቦግ አለ። እንግዶቹ እየተጋፉ ቀረቡ፤ እስቲ አስረዳን አሉት። የኔነህ ደስ አለው፤ ወረታ ከገባ ጀምሮ ማንም አድምጦት አያውቅም። ከደስታው ብዛት አንድ ነገር ጨመረ።

«በከተማው ውስጥ ከዚህ ክፍል የተሻለ ጨለማ የለም» አለ።

አፉን በቆረጠው! የእንግዶቹ መሪ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ጻፈ። ከሰዓት በኋላ በአዳራሽ ግምገማ ተቀመጡ። መሪው ተነሥቶ ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ይስፋፋ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ጨለማው እንዳይበላሽ፣ ከክፍሉ አንድ ካርቶን እንዳይነካ።»

ተጨበጨበ። ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ አያልነህ ናቸው። የኔነህ እጁን አነሣ፤ ጥያቄ መስሏቸው ሰዓት የለም አሉት። በመምህራን ክፍል «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለው» ተባለለት።

በወሩ አንድ ጎረቤት ትምህርት ቤት ተሞክሮውን ቀስሞ፣ ደህና ይሠራ የነበረ ቤተ ሙከራውን ካርቶን ሞላበት። የኔነህም ጎብኚ በመጣ ቁጥር የብር መለያዋን መብራት ያበራል፣ ያጠፋል።

ወይዘሮ ሸዋነሽ አንድ ጧት መዝገባቸውን ይዘው መጡ። ቤተ ሙከራው ከእነንብረቱ ለእሱ እንዲዛወር ደብዳቤ ወጥቷል። በክፍሉ ስንት ካርቶን እንዳለ መዝገቡ ላይ በጣታቸው አሳዩት፤ ሰባ ሁለት።

«በል ፈርም» አሉት። «ክፍሉን ስትለምነኝ አልከረምህም?»

ፈረመ።