ገራዶቹን ፍለጋ ከቴምቢሳ

ፅናት ዱካሞ ለዶክትሬት ስኮላርሺፕ መጀመሪያ ኢንተርቪው የገባች ዕለት፣ ጠዋት የአባቷን ሱቅ ከፍታ ዳቦና ወተት ተረክባ ነበር። ሱቁ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ቴምቢሳ ነው። በልጅነቷ ከሆሳዕና አካባቢ ወደ አባቷ ከመጣች ጀምሮ ያደገችው ከዚያ ሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው፤ የዙሉን ቋንቋም እንግሊዝኛውንም መጀመሪያ ያስተማሯት ደንበኞች ናቸው። በኋላ ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ አጠናች፤ ማስተርሷንም ያዘች።

ልትመራመርበት የፈለገችው የመካከለኛው ዘመን የሀዲያ ሱልጣኔት ነው። ገራድ የሚባሉት ሙስሊም ገዥዎች ለደጋው ክርስቲያን ንጉሥ እየገበሩ፣ ሲመቻቸው እያመፁ፣ ሴት ልጆቻቸውን ለቤተ መንግሥቱ እየዳሩ ሥልጣናቸውን እንዴት እንዳቆዩ ማወቅ ፈለገች። የገዛ ሕዝቧ ታሪክ ነው። ያም ሆኖ ስለ ገራዶቹ ካነበበችው አብዛኛው የተጻፈው ባስገበሯቸው ወገን ነው።

ከፈታኞቹ መካከል ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ፕሮፌሰር ነበሩ። ማመልከቻዋን ሲያገላብጡ ቆይተው፣

«አረብኛ ታነቢያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አላነብም። የአረብኛዎቹን ምንጮች በትርጉም ነው ያየኋቸው።»

«ተርጓሚው ተሳስቶ ቢሆንስ በምን ታውቂያለሽ?»

ስኮላርሺፑ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፕሮፌሰሯ ግን ኮሪደሩ ላይ ሲያገኟት፣ «ማንበብ ስትችዪ ተመልሰሽ አመልክቺ» አሏት።

ጓደኞቿ ርዕሱን ቀይሪ አሏት። ስለ ስደተኛ ሱቆች ብትጽፍ የሚረዳት ድርጅት እንደማይጠፋ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም በዚያው ሳምንት ታክሲ ይዛ የሐበሻ ነጋዴዎች ወደሞሉበት የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ወደ ጄፒ ወረደች፤ አስተማሪ ስታጠያይቅም ሼህ አብዱልጀባርን ጠቆሟት። ሼሁ የወራቤ ሰው ናቸው። ካርቱም ተምረዋል፤ ጄፒ መጋረጃ ይሸጣሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሱቃቸው ፎቅ ላይ ለሴቶች የአረብኛ ሰዋስው ያስተምራሉ።

«ሙስሊም ነሽ?» አሏት።

«አይደለሁም። ጴንጤ ነኝ።»

«ታዲያ አረብኛ ምን ያደርግልሻል?»

«የሀዲያ ገራዶችን ታሪክ ላጠና ነው። ስለነሱ በአረብኛ የተጻፈውን ራሴ ማንበብ አለብኝ።»

«ሰዋስው በወጉ ለመያዝ ሁለት ዓመት ይፈልጋል» አሉ ሼሁ።

«እስከሚቀጥለው ኢንተርቪው ያለኝ አንድ ዓመት ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ አይበቃሽም። እሁድም ትመጫለሽ።»

«እሁድ ቸርች አለኝ።»

«ከቸርች በኋላ ነዋ» አሉ ሼሁ ፈገግ ብለው።

እንዲህ ተጀመረ። ፅናት እሁድ እሁድ ከአምልኮ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጄፒ መሄድ ልማዷ ሆነ። ግሱ አስቸገራት፤ አንዱን ሥር ይዞ ቅርፁን በቀየረ ቁጥር ትርጉሙ ያመልጣታል። ታክሲ ውስጥ አፏን እያንቀሳቀሰች ስታጠና አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የምትጸልይ ይመስለው ነበር።

ወሬው ግን ቀድሟት ቤት ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ የሆነው ማናሴ ሱቅ መጥቶ አባቷን፣ «ወንድም ዱካሞ፣ ልጅህ ሼህ ቤት ትመላለሳለች ይባላል። ሳይረፍድ ብታናግራት ጥሩ ነው» አላቸው።

አቶ ዱካሞ ገበያው ረገብ ያለበትን ሰዓት ጠብቀው ጠሯት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ልትሰልሚ ነው?»

«አይደለም አባዬ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አፍ ውስጥ ታስገቢኛለሽ?»

ፅናት ቦርሳዋን ከፍታ አንድ መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እያስኬደች፣ እየተደናቀፈችም ቢሆን ጥቂት መስመር አነበበች። ከዚያ በሀዲይኛ ተረጎመችላቸው። ስለ ሀዲያ ንጉሥና ስለ ፈረሰኞቹ ብዛት ነበር።

«ማን ነው የጻፈው?»

«ግብፅ የኖረ ሰው ነው። ከእኛ በኩል የሄዱ ሰዎች የነገሩትን ነው የጻፈው።»

«ስለ እኛ?»

«ስለ እኛ።»

አቶ ዱካሞ መጽሐፉን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ፊደሉን አያውቁትም፤ በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት። «አያቴ እንደ ሙስሊሞቹ በዓመት አንድ ወር ይጾም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ፋንዳኖ ነው የሚለው፣ የጥንቱን እምነት። እኛ ጌታን ስንቀበል የሰይጣን ሥራ ነው ተባልን። ስሙን ሳነሳ እንኳ አፍር ነበር።»

አባቷ ስለ አያታቸው ሲያወሩ ፅናት ሰምታ አታውቅም። ብዙ ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ ያልሆነ ተስፋ ልትሰጣቸው ግን አልፈለገችም።

«አባዬ፣ የአያትህ ጾም ለዚያ ዘመን ማስረጃ አይሆነኝም። መሀሉ ላይ ብዙ ነገር ተለዋውጧል።»

«ማስረጃ ነው መቼ አልኩሽ? ያየሁትን ነው የነገርኩሽ።»

በሚቀጥለው እሁድ በዕቃ መጫኛ መኪናቸው ራሳቸው ጄፒ አደረሷት። ማናሴንም፣ «ልጄ የአባቶቻችንን ታሪክ እየተማረች ነው። የሚያሳስብህ ካለ እሷን ጠይቃት» አሉት።

ክረምቱ ሲገባ የውጭ ዜጎች ሱቅ ይዘጋ የሚሉ ሰልፈኞች ሰፈሩን አጥለቀለቁት። የአቶ ዱካሞ ሱቅ ተሰበረ፤ ዕቃው ተወሰደ። ቤተሰቡ ጆሃንስበርግ መሀል፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለ ያረጀ ፎቅ አንድ ክፍል ተከራየ። ፅናት ቀን ቀን ጄፒ ልብስ መሸጥ ጀመረች። ሼህ አብዱልጀባር «እስክትረጋጊ ትንሽ አርፈሽ ብትቀጥዪስ?» ቢሏት፣ «ካቆምኩ አልመለስበትም» አለቻቸው። አንድም ትምህርት አላመለጣትም።

ዓመቱ ዞሮ ኢንተርቪው ስትገባ እኚያው ፕሮፌሰር የአንድ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ኮፒ ሰጧት። ገልባጩ የፊደላቱን ነጥቦች አብዛኛውን ትቷቸዋል፤ ያለ ነጥብ ደግሞ ብዙው የአረብኛ ፊደል አንዱ ከሌላው አይለይም። ፅናት ቀስ ብላ አነበበች፤ አንድ ግስ ተሳሳተች፣ ራሷ አስተካከለችው። አንድ የቦታ ስም ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህ በሁለት መንገድ ይነበባል» አለች። «አንደኛው ለእኔ ክርክር ይመቸኛል። ግን ሌላ ቅጂ ሳላይ እሱ ነው ማለት አልችልም።»

ፕሮፌሰሯ ወደ ሌሎቹ ፈታኞች ዞር አሉ። ስኮላርሺፑ ለሙሉው የጥናት ዘመን እንደተሰጣት የሰማችው መጋረጃ ሱቁ ውስጥ ሳለች ነው። ሼሁ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሻይ አስመጡ። አባቷ በስልክ ዜናውን ሲሰሙ፣ «ልብስ መሸጡን ዛሬውኑ ተዪው» አሏት።

አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የያዘችው ምዕራፍ ስለ ገራዶቹ አመፅ ነው፤ የግዕዙ ዜና መዋዕል በሰፊው የሚያወራውን የአረብኛው ምንጭ ዝም ብሎ ያልፈዋል። የአንዱን ጩኸት ልታምን ነው ወይስ የሌላውን ዝምታ? ገና አልወሰነችም። ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ቀድመው ከሚገቡት አንዷ ናት።