ድርቤና ግድግዳ ውስጥ የቀሩት ሦስት ገመዶች

ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገረኝ ተረፋ ነው፣ ነቀምት በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሱቅ ያለው። ተረፋ ሬዲዮ ይሸጣል፣ ቻርጀር ይሸጣል፣ የዲሽ ሪሲቨር ይሸጣል፣ ወሬ ደግሞ በነፃ። ታዲያ እሱ ሲያወራው ብልሁ ሰውዬ እሱ ራሱ ነው። እኔ የሰው ወሬ እንዲሁ አልውጥም። ግማሹን ከሱ ሰማሁ፣ ግማሹን ሲሬ ወርጄ በዓይኔ አየሁ።

ስለ ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ኑኑ ቁምባ ወረዳ የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን በበቅሎ ጭኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በቅሎዋ ወንዝ መሃል ቆማ አልሄድም ብላ እኔ ራሴ ተሸክሜው ተሻገርኩ። ያኔ ጉልበት ነበረኝ። አሁንም አለኝ፣ ብቻ የምሸከመው የለም። ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው።

ድርቤን የማያውቅ የነቀምት መስመር ሹፌር የለም። ሲሬ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፣ ከሻይ ቤቱ ኋላ ቪዲዮ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ጭቃውን ራሷ ረግጣዋለች። ሲመረግ ሦስት የምስልና የድምፅ ገመድ ግድግዳው ውስጥ አስቀበረች፣ ከባንኮኒው እስከ አዳራሹ ጫፍ። ሪሲቨሩ እሷ ጋ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ብታስቀምጠው ከአንድ የጊምቢ መንገደኛ ጋር ተሳፍሮ ሄዷል። ገመድ በላይ በኩል ካዘረጋህ ደግሞ ሰው ጃንጥላ ይሰቅልበታል።

ዘንድሮ ክረምት ታዲያ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው በር የሚያህል ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይዞ ሌላ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። የድርቤ አሮጌ ቴሌቪዥን ምስሉ መንቀጥቀጥ ጀምሮት ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ማዶ ሄደ።

«ሻይዬን እኔ ጋ ይጠጡና እዚያ ሄደው ይጮሃሉ» አለችኝ።

ነሐሴ ነበር። ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ አዲሱ ዓመት ይጀመራል። ኳስ የሚያይ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ቅዳሜ የተቀመጠበትን ወንበር ዓመቱን ሙሉ አይለቅም፣ ይሄን አውቃለሁ። ድርቤም ታውቃለች። ጊደሯን ሸጣ ከተረፋ ፕሮጀክተር ገዛች፣ አዲስ፣ ግድግዳ የሚያህል ምስል የሚያወጣ።

ችግሩ ፕሮጀክተሩ ያለው አንድ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ኤችዲኤምአይ የሚሉት። የሷ ሪሲቨርና ግድግዳዋ ውስጥ ያለው ገመድ ደግሞ የድሮው ነው፣ ክብ ራስ ያለው፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ተረፋ መሃል ላይ የሚገባ ትንሽ ሳጥን ሰጣት፣ ኮንቨርተር። ሐሙስ ሳጥኑን ይዛ ተመለሰች። እኔ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ኦቦ ተረፋ፣ ሳጥንህ አልሠራም።»

«አዴ ድርቤ፣ ገልብጠሽ ሰክተሽው ይሆናል።»

«ገልብጬም ሰክቻለሁ። ጸልዬበታለሁም።»

ተረፋ መነጽሩን አድርጎ ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ለካ ያ ሳጥን ከአዲሱ ወደ ድሮው ነው የሚያሳልፈው፤ የሷ ደግሞ ከድሮው ወደ አዲሱ ነው መሄድ ያለበት። ሳጥኑ ወደ ኋላ አይሄድም። ሌላ ለወጠላት። ከወጣች በኋላ ግን ለኔ ሲያወራኝ «ችግሩን ወዲያው ነቃሁበት» ብሎ ነው። ሀዬ፣ ይበል።

ዓርብ ልጄ ፌኔት ጋ ሲሬ ሄድኩ። እግረ መንገዴን ድርቤ ጋ ብገባ ነብዩን ጠርታዋለች። ነብዩ ከሸዋ የመጣ ቴክኒሺያን ነው፣ ዲፕሎማ አለው፣ ዲፕሎማውን ጥገና ቤቱ በር ላይ ሰቅሎታል። ጎንበስ ብሎ የገመዶቹን ጫፍ ያያል፣ ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለ።

«ለልጄ ሠርግ ቤቱን ቀባሁት» አለች ድርቤ።

እኛ አገር ለሠርግ ግድግዳ የዘይት ቀለም ሲቀባ የሚቀር ነገር የለም። ሚስማሩም ይቀባል፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ይቀባል። የገመዶቹም ራስ ከነቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀብቷል። ነብዩ በምላጭ ሲፍቀው ቢጫው ወጣ፣ ቀዩ ወጣ፣ ነጩ ወጣ። በየቀለሙ ሰካው። ድምፅ መጣ፣ ምስል የለም።

ያኔ እኔ ገባሁ። «ባትሪ ድንጋይና የእጅ ባትሪ አምፖል አምጡ» አልኩ። ነብዩም ሊለው ነበር፣ ግን እኔ ቀደምኩት። እሱ ባንኮኒው ጋ ባትሪ ድንጋዩን በገመዱ ጫፍ ያስነካል፣ እኔ አዳራሹ ውስጥ አምፖሉን ይዣለሁ። ቀዩ ላይ በራ። ነጩ ላይ በራ። ቢጫው ላይ ጨለማ።

«አይጥ በልቶታል» አለ ነብዩ። የድሮውን ቴሌቪዥን ያንቀጠቀጠውም እሱ ነዋ። «ምስል በቢጫው ነው የሚሄደው፣ አዴ ድርቤ። ግድግዳው ይሰበርና አዲስ ይቀበር።»

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በነሐሴ የጭቃ ግድግዳ ከነካህ ጣሪያው ድረስ ነው የሚመጣልህ። ድርቤ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ረጥቧል።

«ቀዩ ምንድን ነው ሥራው?»

«የቀኝ ድምፅ።»

«ነጩስ?»

«የግራ ድምፅ።»

«ሰው በአንድ ጆሮው ይስማ። ምስሉን በቀዩ ላከው።»

ነብዩ ሳቀ። «እንደዚህ አይደረግም። ቢጫ ወደ ቢጫ ነው፣ እንደዚያ ነው የተማርነው።»

«የቢጫው ውስጡ ምንድን ነው?»

«መዳብ ነው።»

«የቀዩስ?»

«እሱም መዳብ ነው።»

«ቀለሙን ማን ቀባው?»

«ፋብሪካው ነዋ።»

«እኔም ቀብቼዋለሁ። አረንጓዴ ሆነው ስንት ወር ኳስ አሳይተውኛል።»

ነብዩ ቀዩን ገመድ አነሳ። «ዱጋ ነው» አልኩት እኔ፣ እውነቷን ነው ማለቴ ነው። እዚህ ቀዩን ከሪሲቨሩ ቢጫ ቀዳዳ ሰካ፣ እዚያም ቀዩን ከሳጥኑ ቢጫ ቀዳዳ ሰካ፣ ነጩን ለድምፅ ተወው። ግድግዳው መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ አንድ ዜና አንባቢ መጣ፣ ጆሮው ብቻ የኔን ጭንቅላት ያህላል።

«ጥራቱ እንደ አዲሱ ገመድ አይሆንም» አለ ነብዩ።

«ኳሷ ትታያለች?»

«ትታያለች።»

«በቃ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ በሩ ላይ ቆመው የሚያዩ ነበሩ። የማዶው ሰውዬ ራሱ መጣ፣ ከኋላ ቆሞ ትንሽ አየና ሄደ። ድርቤ ሻይ ስታድል ፊቷን ብታዩት የተዳረችው ልጅ እሷ ትመስላለች።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ነብዩን ጠርታ ሦስት መቶ ብር እጁ ላይ አስቀመጠች።

«አልቀበልም» አለ። «መላውን ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

«የሰካኸው አንተ ነህ። ያዝ።»

ያዘ። ሄዶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ እኔ አጠገብ። ድርቤ ተከትላው መጣችና መዳፏን ዘረጋች።

«መግቢያ ሃያ ብር።»

ነብዩ እኔን አየኝ። አውጥቶ ከፈለ። መዳፏ አልታጠፈም፣ ወደኔ ዞረ። ዓርብ አምፖል ይዤ መዋሌን አስታወስኳት።

«አስታውሳለሁ» አለች። «ሃያ ብር።»

ከፈልኩ።