ስልኬ የጻፈልኝ ምስክርነት

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የውሃ ጥምቀት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል። ጌታን ሳያውቅ ምን እንደነበር፣ እንዴት እንዳገኘው፣ አሁን ምን እንደሆነ ይናገራል። ማንም ባይጽፈውም ሁላችንም የምናውቀው ደንብ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል በከፋ ቁጥር አሜኑ ይደምቃል። ከእኔ በፊት በነበረው ዙር አንድ የባጃጅ ሹፌር በጩቤ እንደተማታ ሲናገር ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ከእሱ ቀጥላ የወጣችው ልጅ ግን "እኔ እንኳን ከልጅነቴ ጀምሮ እዚሁ ነኝ" ስትል ሕዝቡ ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ነው። እናቴ እኔን አርግዛ መዘምራን ውስጥ ትዘምር ስለነበር፣ ሳልወለድ ልምምድ ላይ ተገኝቻለሁ። እስከ ሃያ ዓመቴ የሠራሁት ትልቁ ኃጢአት በጾም ጸሎት ቀን ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ተደብቄ ዓሣ መብላቴ ነው። ይህን ይዞ መድረክ ላይ መውጣት ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ደግሞ ማነሱ ነው።

ስለዚህ የእኔ ዘመን ልጆች ሲጨንቃቸው የሚያደርጉትን አደረግኩ፤ ስልኬን ጠየቅኩት፤ ውስጡ ያለውን ኤአይ ማለቴ ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ የሚሠራልን እሱ ነው። ከጓደኛ ስንጣላ ይቅርታውን የሚጽፈው እሱ ነው። የወጣቶች ኅብረት መሪያችን እንኳን አንድ ቅዳሜ የጸሎት ርዕሶችን በቴሌግራም ሲልክልን "ተጨማሪ እንዳዘጋጅልዎ ይፈልጋሉ?" የምትለዋን የመጨረሻ መስመር ሳያጠፋ ነበር የላከው። አሜን ብለን መለስንለት።

እዚሁ ከተማችን ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ "ለጥምቀት የሚሆን፣ ልብ የሚነካ ምስክርነት ጻፍልኝ፤ ሴት ነኝ፣ ሃያ ዓመቴ ነው" አልኩት። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ ሰጠኝ። ጫት አስቅሞኛል፣ ሺሻ አስጭሶኛል። እሱን ቆረጥኩት፤ ሀዋሳ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ የት ቤት ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ ነው? የተረፈው ጨዋ ጨዋ ሐዘን ነበር። በሰው መሀል ሆኜ ብቸኛ ነበርኩ ይላል። አባቴ ነበረ፣ ለእኔ ግን አልነበረም፤ የምድሩ አባቴ ሲርቀኝ የሰማዩ ቀረበኝ ይላል። ቆንጆ ነው አልኩ። እውነት ይሁን አይሁን አላሰብኩም። ቅጽ እንደሚሞላ ሰው ነበርኩ።

እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ ከስልኬ አነበብኩት። አሜኑ የባጃጅ ሹፌሩን አስናቀ፣ እናቶች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ጀግንነት እየተሰማኝ ቀና ስል አባቴን አየሁት። ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት የፊት ረድፍ ላይ አንገቱን ደፍቷል። ምን እንዳነበብኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቤት ስንገባ እናቴ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ብላኝ ወጥ ቤት ገባች። አባቴ ሱፉን ሳያወልቅ ወደ ጓሮ ዞረ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሰኞን አሳለፍኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደኝ።

ማክሰኞ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አባቴን አስጠሩት። በእኛ ዘንድ ልጆቹን በወጉ ያላሳደገ ሰው በሽማግሌነት አያገለግልም። እኔ በልቤ "ልጄ ዋሽታለች ይበልና እገላገል" እያልኩ ነበር፤ ፈሪ ነኝ። እሱ ግን "እውነቷን ነው፣ በድያለሁ" ብሎ ከአገልግሎት እንዲያሳርፉት ራሱ ጠይቆ ተመለሰ።

ግቢያችን ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ዲላ ተዛውሬ የሠራሁበትን ጊዜ ነው አይደል ያልሽው?" አለኝ። "አራት ዓመትሽ ነበር። በየቅዳሜው መምጣት እችል ነበር፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ደክሞኛል እያልኩ እዚያው እውል ነበር። ስመጣ ከእናትሽ ጀርባ ትደበቂ ነበር። እንግዳ ሆኜብሽ ነበር፤ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ይቅር በይኝ።"

እኔ ከዲላ የማስታውሰው ያመጣልን የነበረውን አናናስ ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"አባዬ፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ስልኩ ነው።"

አልገባውም። ከፍቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ የጠየቅኩትንም የመለሰልኝንም ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው።

"ስለ እኔ ምን ብለሽው ነው?"

"ምንም አላልኩትም። ለሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚጽፈው።"

"ለሁሉም ሰው" አለ፣ ስልኩን እያየ።

እንዲቆጣኝ ጠበቅኩ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልቆጣ ሲለኝ "እሁድ ወጥቼ ሁሉም ውሸት ነው እላለሁ" አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ስልኩን መለሰልኝ።

"የጻፈው ስልኩ መሆኑን ንገሪያቸው" አለ። "ሁሉም ውሸት ነው ግን እንዳትዪ። የዲላውን ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እሱ ውሸት አይደለም።"