ኢኮ የበዛበት ምርቃት

አባታችን ላሊበላ አጠገብ ባለችው ብልባላ ውስጥ በምርቃታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። የየትኛውም ሠርግ ሙሽሮች ጉልበታቸውን ስመው ሳይመረቁ አይሄዱም። አምና ግን ጉሮሯቸውን ታመው ከታከሙ ወዲህ ድምፃቸው ተዘጋና ከሹክሹክታ በላይ አልወጣ አለ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ የምታገባበት ቀን ተቆረጠ። ዘመድ «ሌላ ሽማግሌ ይመርቅሽ» ቢላት «አባባ ካልመረቁኝ ከደጅ አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። ድርቅናዋ የአባቷ ስለሆነ ማንም አልተከራከራት።

እኔ ደግሞ በቤታችን የስልክ ሊቅ ነኝ፤ ማዕረጉን የሰጠሁት ራሴ ነኝ። አባባ በታላቅ እህታችን ሠርግ ሲመርቁ በድሮዋ የቁልፍ ስልክ ቀድቻቸው ነበር። ቅጂውን ወደ አዲሱ ስልኬ ባዛውረው «ይህን ፋይል መክፈት አልተቻለም» አለኝ። ለካ የቁልፍ ስልኮች ኤኤምአር በሚባል ዓይነት ነው የሚቀዱት፤ ውድ የተባለው ስልኬ አያውቀውም። ላሊበላ ከተማ በስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን ጓደኛዬ ያገኘውን ሁሉ የሚከፍት ማጫወቻ ጫነልኝ። ድምፁ እየተጫወተ እያለ የሚያስተጋባውን ኢኮ፣ ቤዙን፣ ፍጥነቱን መቀያየርም ይቻላል።

ቅጂውን ታናሽ እህቴ ባለችበት ሳሰማቸው አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የእህትሽ ነው» አሉ በሹክሹክታ፣ «ያደረ ምርቃት እንዴት እሰጥሻለሁ?»

«የርስዎ ድምፅ እስከሆነ ያደረውም ይጥመኛል» አለች ሙሽራዋ። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ «ኢኮ ጨምርበት» አለችኝ። በኛ አገር መዝሙርም ሆነ ዘፈን ኢኮ ከሌለው ያላለቀ ሥራ ነው የሚመስለን። ጨመርኩበት፤ እጄም አልሰሰተም።

በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹ ዳሱ መሃል ተንበረከኩ፣ እኔም ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁ። «ውለዱ ክበዱ… ክበዱ… ክበዱ…» አለ ማጉያው። ለምርቃት ዝም ማለት ነውር ነውና ሕዝቡ ለእያንዳንዷ «ክበዱ» «አሜን» ይላል። አባባ ሁለተኛውን መስመር ሲጀምሩ ሰዉ ገና የመጀመሪያውን አሜን አልጨረሰም።

«ኧረ ወንድሜ!» አሉ አክስቴ ከኋላ ለአባባ፣ «ዛሬስ ለልጅ ልጆቻቸውም አተረፍህላቸው!»

ኢኮውን ላጠፋ ስጣደፍ ጣቴ ፍጥነቱን ነክቶ ጨመረው። አባባ ባንዴ እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ መመረቅ ጀመሩ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ፤ ቀሳውስቱም ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የእህቴም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ከሰዉ ጋር የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ግን ፊቷ በእንባ ርሷል። አፈርኩ።

አባባ እጃቸውን አንስተው ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን በሙሽሮቹ ራስ ላይ ጫኑና በዚያችው በሹክሹክታቸው ይመርቁ ጀመር። ከበሮውም፣ ሕፃናቱም ጸጥ አሉ። ከኋላ የቆምነው አንዲት ቃል አልሰማንም፤ ከንፈራቸው ባረፈ ቁጥር ግን ሁላችንም «አሜን» አልን።