የእህል መጋዘኑ ችሎት

ያን ጠዋት የፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ አራት ሰዎች ነበርን። ጠባቂው ፖሊስ ደረጃው ላይ ቆሟል። በአጥር ጉዳይ የሚከራከሩ አንድ ሽማግሌ ምሰሶውን ተደግፈዋል። ወንድሟ የታሰረባት የወሎ ሴት ከመስኮቱ ሥር ናት። እኔ መተላለፊያው አፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆሜያለሁ።

ልጄ በመጠጥ ቤት ጠብ ሰው ገድሎ ቂሊንጦ ታስሮ ነበር። ቅጣቱ የሚነበበው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር እንደሚወስዱት ተነግሮኛል። ጉልበቴ እዚያ ድረስ አያደርሰኝም። እጁን የምነካው ያን ቀን ካልሆነ ሌላ ቀን አልነበረኝም።

ቤቱ ሲሠራ ለፍርድ ቤት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ የአንድ እህል ነጋዴ መኖሪያ ነበር፤ ወፍራም የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ምስር የሚሰጣበት ሰፊ በረንዳ። መጋዘኑ ከኋላ ነው። ሌባ እንዳይደፍረው አንድ በር ብቻ አወጡለት፤ ወደ በሩ የሚያደርሰውም አንድ ጠባብ መተላለፊያ ነው። በአብዮቱ ጊዜ ቤቱ ተወረሰ። መጀመሪያ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ገባበት፤ በኋላ ፍርድ ቤት ሲሆን መጋዘኑ ችሎት ሆነ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዳኞች ንባባቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

እስረኞች ሁሉ የሚገቡት በዚያ መተላለፊያ ነበር። ከመጥበቡ የተነሳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈን ሰው ሳይነኩ አያልፉም። ፖሊሶቹም አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ስለዚህ እኛ እናቶች ችሎት ውስጥ ለመቀመጫ አንሻማም። እዚያ ቆመን እጅ እንነካለን፤ ከዚያ ተከትለን እንገባለን።

"አብሽሩ እናቴ፣ ይመጣሉ" አለችኝ የወሎዋ ሴት።

"ምን ይቀራሉ!" አሉ ሽማግሌው። "የኔን አጥር ያፈረሰው ሰውዬ እንኳ ሞቶም አልቀረ፤ ጠበቃው ይመጣል።"

ሴትየዋ ሳቀች። ጠባቂው ዞር ብሎ አየኝ።

"እማማ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት? እስረኞቹ እኮ ከገቡ ቆዩ።"

"በየት በኩል?"

"በጓሮ። የኋላው ግድግዳ ፈርሶ በር ወጥቶለታል። መኪናውም ከእንግዲህ እዚያው ነው የሚቆመው።"

"ያ ረቢ!" ብላ ሴትየዋ ቀድማኝ ሮጠች። እኔ መሮጥ አልችልም።

ስደርስ ዳኛዋ ማንበብ ጀምረዋል። ሰው ሞልቶ ስለነበር ከበሩ አላለፍኩም። ልጄ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። አሥራ አንድ ዓመት ተባለ። አዲሱ በር ከዳኛዋ ወንበር ጎን ነው፤ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ወደዚያ መራው። ልጄ አንዴ ዞሮ ሰዉን ቃኘ። ከፊቴ ረዣዥም ወንዶች ቆመው ነበር።

በሩ ተዘጋ። ቀጣዩ ባለጉዳይ ተጠራ። እኔም ወጣሁ።