በአሜን የተዘጋ ክርክር

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ጓደኛዬ አንዲት ጥያቄ ይዞ ይዞር ነበር፤ «ከመፍረሱ በፊት ነዋሪው ለምን አልተጠየቀም?» ታክሲ ውስጥ ጠይቋል፤ ማኪያቶ እየጠጣም ጠይቋል። የሚመልስለት አላገኘም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነውና ግቢያቸው ስለ ከተማው ለውጥ «ነጻ ክርክር» ሲያዘጋጅ እየሮጠ መጣ።

«ያቺን ጥያቄ በማይክ እጠይቃታለሁ! አንተም ና።»

«እኔን ማን ያስገባኛል? ተማሪ አይደለሁም።»

«ግጥም አቀርባለሁ በላቸው። ጀለስ፣ ገጣሚን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል?»

እውነቱን ነው። ጥበቃው ግጥም ስለው በሐዘኔታ አሳለፈኝ።

መድረኩን የሚመራው መምህር ላብ በላብ ሆኗል። ጠብ እንዳይነሳ ብሎ ከሰፈር አንድ ሽማግሌ አስመጥቷል። «አባታችን፣ መርቀው ይክፈቱልን» አላቸው።

«ከክፉ ይሰውራችሁ!»

«አሜን!»

«የተማራችሁትን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ!»

«አሜን!»

ጎራ ለይተው የተቀመጡት ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ላይ አሜን ሲሉ የመምህሩ ፊት በራ።

«እንዲህ ከተስማማን ምን ያጣላናል? ሁላችሁም ሐሳባችሁን በምርቃት አቅርቡልኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የሳቅኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ «ልማቱን ያፋጥንልን!» አለ። አሜን። ተቃዋሚው ተነሥቶ «ለሚያፈርሱብን ልብ ይስጥልን!» አለ። አሜን፤ ያ የመጀመሪያውም ጭምር። ምርቃት እምቢ አይባልማ። አንዲት ልጅ «ከሁለታችሁም ያውጣን!» ስትል ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ።

ጓደኛዬ ማይኩን ያዘ።

«እኔ አልመርቅም፤ እጠይቃለሁ። ሰፈራችን ከመፍረሱ በፊት ነዋሪው ለምን አልተጠየቀም?»

ከኋላ አንዱ፣ እጁን እንደዘረጋ ረስቶት መሰለኝ፣ «አሜን» አለ። አዳራሹ ተከተለው።

«አሜን አይባልም! መልሱልኝ!»

«አሜን!»

መምህሩ ክርክሩ በሙሉ ስምምነት መጠናቀቁን አብሥሮ ማይኩን አስዘጋ። ሰዉ የጓደኛዬን ትከሻ መታ መታ እያደረገ፣ «ያሰብከውን ይሙላልህ» እያለው ወጣ። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሄጄ ከፊቱ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

«በል ጠይቀኝ።»

«ልታሾፍ?»

«አሜን አልልህም።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ግን ቢጠይቋችሁ ኖሮ እምቢ ትሉ ነበር? ጣሪያችሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ አልነበር?»

ቱግ አለ። «አንተ ደግሞ ከማን ወገን ነህ? ማፍሰሱን የምናውቀው እኛ፣ የምንወስነውም እኛ!» ብሎ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ተነሥተን እየተከራከርን እስከ አፍንጮ በር ሰፈር ስንወርድም አልተስማማንም።