ሰልፍ የረገጠው ምንጣፍ

አሮጊቷ ዳቦ ሻጭ በየማለዳው ደጃፏ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች፤ ባለቀለም ሰጋቱራ የምትነሰንስ ይመስላል። ድሮ በአንቲጓ ከተማ በሕማማት ሳምንት፣ የክርስቶስ ምስል በትከሻ ተይዞ በሰልፍ የሚያልፍበትን መንገድ ከሰጋቱራ በተሠራ ባለአበባ ምንጣፍ ታለብስ ነበር። አሁን ከካቶሊክ ወጥታ ወደ ወንጌላውያን ገብታለች። እሑድ ከመጠመቋ በፊት የሚነበበውን ምስክርነቷን የአዲሱ ጉባኤ አባል የሆነችው ወጣቷ ኖኤሚ ትጽፍላታለች።

«በእምነት ብቻ ዳነች በይ፣ ልጄ። ጉልበቴ እስኪላጥ የሠራሁት ምንጣፍ አላዳነኝም።»

«እማማ፣ ሰልፉ ሲረግጠው አይቆጭዎትም ነበር?»

«ቂል! ሊረገጥ አይደል የተሠራው?»

ስቃ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይህን ግን እንዳትጽፊ፤ ፓስተሩ ‹ልብሽ ገና እዚያ ነው› ብሎ ጥምቀቱን ይከለክለኛል። ለመዳን ብዬ ሠርቼው አላውቅም። ጌታዬ በደጄ ሲያልፍ፣ በባዶ ድንጋይ ላይ እንዴት ይለፍ ብዬ ነው።»